ከረጅም ኮድ ውስጥ የፈለጋችሁትን ብቻ ቆርጦ ማውጣት

ባሕር ዳር ለአንድ ዓሣ ነጋዴ የመዝገብ ሲስተም እየሠራሁ ነበር። በጀልባ የሚገባው እያንዳንዱ ጭነት ኮድ አለው፤ «ዘጌ-0147-ቆሮሶ» ዓይነት። መጀመሪያ የመጣበት ቦታ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ከዚያ የዓሣው ዓይነት። የፈለግሁት ቦታውን ብቻ ነው።

በኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የምንጠይቅበት ቋንቋ) ቶሎ ትዝ የሚለን ከጽሑፍ ላይ ቁራጭ የሚያወጣው ሰብስትሪንግ የሚባል ፈንክሽን ነው። ጽሑፉን፣ የሚጀምርበትን ቦታና የሚወስደውን የፊደል ብዛት ትሰጡታላችሁ። ሰብስትሪንግ(ኮድ፣ 1፣ 2) ስትሉ «ዘጌ» ይወጣል። ልብ በሉ፣ ኤስኪውኤል የሚቆጥረው ከ1 ጀምሮ ነው። ከ0 የሚቆጥረውን የፓይተን ቋንቋ የለመደ ሰው 0 ይጽፍና ማይኤስኪውኤል (በኤስኪውኤል ከሚሠሩ ዳታቤዞች አንዱ) ስህተት አለ እንኳ ሳይል ባዶ ይመልስለታል።

ከደቅ ለመጣው ጭነትም በደንብ ሠራ። የጎርጎራ ጭነት ሲገባ ግን ነጋዴው ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ ይሄ ጎር የምትለው የት ነው?» የቦታ ስም ርዝመቱ እኩል አይደለማ! ስለዚህ ፊደል አትቁጠሩ፣ ጭረቷን ፈልጉ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ሰብስትሪንግ_ኢንዴክስ(ኮድ፣ '-'፣ 1) ከመጀመሪያዋ ጭረት በፊት ያለውን ይሰጣችኋል። በ1 ፋንታ -1 ካላችሁት ከኋላ ቆጥሮ «ቆሮሶ»ን ያወጣል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ በጭረቷ ከፋፍሎ የፈለጋችሁትን ክፍል የሚሰጥ ስፕሊት_ፓርት አለላችሁ፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም 2 ስትሉት መሃል ያለውን 0147 በአንዴ ያመጣል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ቻርኢንዴክስ ጭረቷ ስንተኛ ላይ እንዳለች ይነግራችኋል፣ ከዚያ 1 ቀንሳችሁ ከመጀመሪያው ያን ያህል ፊደል ለሚወስደው ሌፍት ትሰጣላችሁ። ጭረት የሌለው ኮድ ካጋጠመ ግን ቻርኢንዴክስ 0 ይመልሳል፣ 1 ሲቀነስ -1 ይሆናል፣ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ ያቀረባችሁት ጥያቄ) በሙሉ በስህተት ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስትፈልጉ ኮዱ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ አንድ ጭረት ጨምሩ፣ ቻርኢንዴክስ('-'፣ ኮድ + '-')።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ነገር። ማይኤስኪውኤል ውስጥ ርዝመት የሚለካው ሌንግዝ የሚቆጥረው ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) እንጂ ፊደል አይደለም። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጥበት ስልት) አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ባሕር ዳር» 5 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ ሆኖ ሳለ ሌንግዝ 16 ይላችኋል። ትክክለኛውን 6 የሚሰጠው ቻር_ሌንግዝ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው «ባህር ዳር» ብሎ ከጻፈ ለዳታቤዙ ሌላ ቃል ነው።

ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት የወጡትን ቦታዎች ድግግሞሽ በሚያስቀረው በዲስቲንክት ዘርዝራችሁ በዓይናችሁ እዩ። «ጎር» ዓይነቱ ወዲያው ይታያል። ከስልክ በረጅም ጭረት (—) የተጻፈ ኮድ ካለም ሳይቆረጥ ሙሉውን እዚያው ታገኙታላችሁ።