መፍቻው ቤት፣ ብስክሌቱ እንጦጦ

ዕቃው ነበረኝ እኮ። የሚያናድደው እሱ ነው። ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ) አለኝ፣ መንፊያ አለኝ፣ ተጣጣፊ መፍቻ (ብዙ ቁልፎች አንድ ላይ የታጠፉበት) አለኝ። ሁሉም ግን አንዲት ጥቁር የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ቤቴ፣ በር ጀርባ ተንጠልጥለዋል። እኔ ደግሞ እንጦጦ ጫካ መሀል የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ ቆሜያለሁ። ጥፋተኛዋ አንዲት የቀጋ እሾህ ናት።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ሽሮሜዳ ወረድኩ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለዚያ ቁልቁለት ብዬ ነበር፤ ቁልቁለቱን በእግሬ ጨረስኩት። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ደረሱብኝና "ልጄ፣ እሱ ነው የሚሸከምህ ወይስ አንተ ነህ የምትሸከመው?" አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀድመውኝ ሄዱ። ሽሮሜዳ ያገኘሁት ጎሚስታ ቀዳዳውን ቶሎ ለጠፈልኝ። አየር ሊሞላ ሲል ግን የኮምፕሬሰሩ ጫፍ አልገጥም አለ። የእኔ ቫልቮላ (አየር የሚሞላበት ጫፍ) ቀጭኑ ነው፣ ፕሬስታ የሚባለው። የእሱ ቱቦ የሚገጥመው ለመኪናና ለሞተር ነው። ሁለቱን የምታገናኝ፣ የጣት ጥፍር የምታክል የነሐስ አዳፕተር አለች። እሷም ቦርሳው ውስጥ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። ለጥገና የሚያስፈልገኝ ነገር ብስክሌቱ ላይ ታስሮ ይኖራል። ብስክሌቱ ከቤት ከወጣ ዕቃውም ወጣ ማለት ነው፤ "ይዤዋለሁ ወይ?" የሚባል ጥያቄ ቀረ። ሌላም ጥቅም አለው። ተራራ ላይ የሚነዳ ሰው መውደቁ አይቀርም፤ ስትወድቁ በጀርባችሁና በመሬቱ መካከል ብረት ባይኖር ይሻላል።

ሰው ይህን ሲሰማ ግን ጋራዥ የሚያህል ዕቃ መጫን ይጀምራል። እኔም ጀምሬ ነበር፣ ፒንሳ ሳይቀር። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን ቢበላሽ ነው በእግሬ የምመለሰው? ጎማ ቢበሳ፣ ካቴና (ሰንሰለቱ) ቢበጠስ፣ ብሎን ቢላላ። ሌላው ቤት ሲደርሱ የሚስተካከል ነው።

ለጎማው አንድ ካላማዳሪ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ ጥቂት ልጣፊ ከማስቲሽ ጋር፣ አንድ መንፊያ። በካቻቪቴ ጎማ ማውጣት የለመዳችሁ ካላችሁ ተዉት፤ አዲሱን ካላማዳሪ ራሳችሁ ትበሱታላችሁ። ለካቴናው ደግሞ ካቴና መፍቻ ያለው ተጣጣፊ መፍቻና ፈጣን ማያያዣ የምትባለዋ ቁራጭ። ማያያዣዋ ከኋላ ማርሾቻችሁ (ከጥርሳሞቹ ክቦች) ብዛት ጋር መስማማት አለባት፤ ባለ 6፣ 7 እና 8ቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ይሠራሉ፣ ባለ 9፣ 10፣ 11 እና 12 ግን እያንዳንዱ የራሱን ይፈልጋል። ለብሎኑ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር አለን የሚባለው ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ ከዚያ ቲ25 የሚባለው ባለ ኮከቡ። የዲስክ ፍሬን ካላችሁ ቲ25 አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ዲስኩ የታሰረው በእሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ብዙ ርካሽ ብስክሌቶች ጎማቸው በእጅ በሚከፈት ማንሻ ሳይሆን በዳዶ ነው የሚታሰረው፤ የኋላው በአብዛኛው 15 ቁጥር ነው። ተጣጣፊ መፍቻ ውስጥ 15 ቁጥር አታገኙም። ስለዚህ ካላማዳሪውም መንፊያውም ኖሯችሁ፣ ጎማውን ከብስክሌቱ ማውረድ አቅቷችሁ ትቀመጣላችሁ። አሁኑኑ ውረዱና እዩት። ዳዶ ከሆነ አንድ 15 ቁጥር ቁልፍ ግዙ።

የጋዝ ነገርስ? ትንንሾቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሮች፣ ባለ 16 ወይም ባለ 25 ግራሞቹ፣ ጎማን በሰከንዶች ይሞላሉ፤ ደስ ይላል። ግን አንዴ ተኩሳችሁ ካመለጣችሁ አለቀ። ጋዙ ከተራ አየር ይልቅ በጎማው ውስጥ ቶሎ ሾልኮ ስለሚወጣ በማግስቱ ጎማው ላላ ብሎ ታገኙታላችሁ። ውጭ ያለ ዘመድ ያምጣልኝ ብትሉም የአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ጣጣ አለው። መንፊያ አያልቅም። እኔ ከመንፊያ ጋር ነኝ።

እንግዲህ የት ይታሰር? ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው። ክብደቱ መሀል ላይ ይሆናል፣ ስትወድቁ አይመታም፣ ጭቃም ብዙ አይደርስበትም። እኔ ካላማዳሪውን የማስረው የላይኛው ቱቦ ከኮርቻው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው። አስተሳሰሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልፋቱ እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ አየሩን ጨርሳችሁ አውጡ። ቫልቮላውን ክፈቱና ከቫልቮላው ተቃራኒ በኩል ጀምራችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ እየጨመቃችሁ ጠቅልሉት። ሲጨርስ ቫልቮላውን ዝጉ፣ ክዳኑንም አድርጉለት፤ ክዳን የሌለው ፕሬስታ ጫፉ ሹል ነው፣ የራሱን ጎማ ይወጋል። ጡጫ የሚያህል ጥቅል ይወጣችኋል። እሱን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ሁለቱን ጎማ ማውጫዎች ከካልሲው ጋር አስገቡ፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልሉት። ካልሲው የሚፈለገው ለፍትጊያ ነው። ጎማ ነገር ከቴላዮ ጋር ለወራት ሲንቀጠቀጥ ይሳሳል፤ እሾህ ሳይነካው ተቀድዶ የወጣ አዲስ ካላማዳሪ አይቻለሁ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ከገፋሁ በኋላ ሳይሆን ቤት ሳረጋግጥ በመሆኑ ብቻ ነው ያላለቀስኩት።

ማሰሪያውን አትግዙ። የሞተተ ካላማዳሪ ካላችሁ በቁመቱ ሁለት ጣት ስፋት አድርጋችሁ ቅደዱት፣ አንድ ሜትር ግድም። ሞተረኞች ኋላቸው ላይ ካርቶን የሚያስሩበት ላስቲክ መሆኑ ነው። ቴላዮውን ሁለቴ ዙሩበት፣ ከዚያ ዕቃውን አንዴ፣ ከዚያ መስቀለኛ አድርጋችሁ ሁለቱንም። ዝም ብላችሁ ዕቃውንና ቴላዮውን አንድ ላይ ብቻ ካሰራችሁት ጥቅሉ ቁልቁለት ላይ ይዞርና ጉልበታችሁ ስር ይገባል። ሲያልቅ በእጃችሁ ያዙና አወዛውዙት። ብስክሌቱ አብሮ ከተወዛወዘ በቃ፣ ጥቅሉ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ፍቱና እንደገና።

የማርሽና የፍሬን ገመዶች በላይኛው ቱቦ ላይ የሚያልፉባቸው ብስክሌቶች አሉ። ማሰሪያው ገመዱን ከያዘው ማርሹ ይከብዳል፣ እናንተም ማርሹን መውቀስ ትጀምራላችሁ። ገመዱን ከማሰሪያው ውጭ አድርጉት። ከዚያ ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ጉልበታችሁ ወይም ጭናችሁ ጥቅሉን ከነካው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያሳብዳችኋል።

መንፊያው ከውሃ ጠርሙስ ማቀፊያው ጎን ይታሰራል፤ አብዛኛው መንፊያ ለዚሁ የሚሆን ፕላስቲክ መያዣ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በማቀፊያው ሁለት ብሎኖች ስር ይገባል። ፕላስቲኩ ብቻውን ግን አይታመንም። ኮብልስቶን ላይ ዘሎ የወጣ መንፊያ ሰው አንስቶ ሲሰጠኝ ነው የተማርኩት። ከካላማዳሪ የተቆረጠ ቀለበት አጥልቁበት። እግረ መንገዳችሁን መንፊያው ላይ ጥቂት ዙር ጠንካራ ፕላስተር ጠምጥሙ፤ ጎማው ራሱ ሲቀደድ ከውስጥ በኩል ትለጥፉበታላችሁ።

ሁለት ማቀፊያ ካላችሁ አንዱን ለዕቃ ስጡት። ለዚህ የሚሸጥ ባለ ክዳን ዕቃ መያዣ አለ፤ እኔ ግን ከሃይላንድ ነው የሠራሁት። የግማሽ ሊትሩን አንገቱን ቁረጡ፣ ሌላ ሃይላንድ ቁረጡና ታቹን እንደ ክዳን ግጠሙበት። ማቀፊያው ትንሽ ይሰፋበታል፣ ውጭውን የካላማዳሪ ቁራጭ አልብሱት። ውስጡ መፍቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ልጣፊው፣ ማያያዣዋ፣ ሦስት አራት የፕላስቲክ ገመድ ማሰሪያ። ጨርቁ እንዳይንኳኳ ነው፤ ትንሽ ዘይት ካስነካችሁት ደግሞ ዝገት ይከላከላል። ክረምት ላይ እንጦጦ ጭቃው ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ውሃ የማይገባበት ዕቃ የለም። ባለ 15 ቁጥሩ ቁልፍ ረጅም ስለሆነ እኔ ጋ የሚኖረው በኮርቻው ቱቦ ቁመት፣ ከስሩ ቁራጭ ጎማ ተነጥፎለት፣ በሁለት ቀለበት ታስሮ ነው። ቀለሙን እንዳይፍቀው።

ከኮርቻ ስር ያለች ትንሽ ቦርሳ ሁሉም የሚያውቃት መፍትሔ ናት። ለአስፋልት ጥሩ ናት። ለተራራ ግን ሁለት ነገር አለባት። ኋላው ስፕሪንግ (ሾክ) ያለው ብስክሌት ሲዘል ጎማው ወደ ላይ ይመጣል። ኮርቻው እየነዳችሁ ማንሻ በመጫን የሚወርድ ዓይነት ከሆነም ቦርሳዋ አብራ ትወርዳለች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጎማው ቦርሳዋን ይፈጫል። ለመሞከር ቀላል ነው፤ ኮርቻውን እስከ ታች አውርዱ፣ የኋላውን ሾክ አየር አስተንፍሱና ተቀመጡበት። ሾኩ ስንት አየር እንደነበረው ግን አስቀድማችሁ ጻፉ። በጎማውና በቦርሳዋ መሀል ሁለት ጣት ካላለፈ ቦርሳዋን እርሷት።

ገንዘብ ያለው ሰው ሌላ ምርጫ አለው። ዋንአፕ የሚባለው ድርጅት የሚሸጠው መፍቻ መሪው በሚታሰርበት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ስቦ ማውጣት ነው። ስፔሻላይዝድ የታችኛውን ቱቦ ቀዶ በር ሠራለትና ስዋት አለው፣ ሳንታክሩዝም ተመሳሳይ ነገር አለው፣ ግላቭቦክስ ይለዋል። መሪው ጫፍ ላይ የሚወተፉ መፍቻዎችም አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያምሩት ከተማ ሲገባ ነው፣ ዕቃው አይታይማ። እኔ ቡና ልጠጣ ስቆም መንፊያዬን ፈትቼ ይዤ እገባለሁ፤ ካላማዳሪው ግን በቆሸሸ ካልሲና በፌስታል ስለተጠቀለለ እስካሁን የፈለገው የለም።

የማይታሰርበትን ቦታም ልናገር። ከታችኛው ቱቦ ስር አትሰሩ፤ የፊት ጎማ የሚወረውረው ድንጋይ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። የፊት ሹካ እግር ላይም አይሆንም፤ ከተፈታ ጎማ ውስጥ ይገባል፣ እናንተ ደግሞ በመሪው ላይ ታልፋላችሁ።

ያቺ የነሐስ አዳፕተርስ? የፊት ጎማዬ ቫልቮላ ላይ ተጠምዝዛ ትኖራለች። ክዳን መስላ። የትም ጎሚስታ ጋ ብደርስ አየር አገኛለሁ። ማስቲሽን ግን አትመኑት፤ አንዴ ከተከፈተ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። እኔ በየመስከረሙ አዲስ እገዛለሁ፣ አሮጌው ቢደርቅም ባይደርቅም።

ሁሉንም አስራችሁ ስትጨርሱ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ጎማውን ሆን ብላችሁ አስተንፍሱና ብስክሌቱ ላይ ባለው ዕቃ ብቻ ቀይሩት። ከመሳቢያ ምንም ማምጣት የለም። ማታ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ በስልክ መብራት። ቀዳዳውን ካገኛችሁ በኋላ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳስሱት፤ እሾኋ ብዙ ጊዜ እዚያው ናት፣ አዲሱንም ካላማዳሪ ትጠብቀዋለች። በባዶ ጣት ከዳሰሳችሁ እሷ ናት የምታገኛችሁ።

እኔ ይህን ሙከራ ሳሎን ውስጥ ሳደርግ ያየሁት ነገር አሁንም ያስቀኛል። የመጀመሪያውን ዕቃ መያዣዬን እንዳይወድቅ ብዬ በብሎን ከማቀፊያው ጋር አጥብቄው ነበር፣ በጣም ቆንጆ አድርጌ። ብሎኑ የሚፈታው በ4 ቁጥር አለን ነው። 4 ቁጥሩ ያለው መያዣው ውስጥ። ባለቤቴ ሳቋን ስትጨርስ ከኩሽና ቢላ አመጣችልኝ፣ ሃይላንዱን በጎኑ ቀድጄ መፍቻውን አወጣሁ። አሁን የታሰረው በላስቲክ ነው።