ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የሚስማማ የጥርስ ሳሙና አመራረጥ

ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ትኩስ ሻይ በነካው ቁጥር ጥርሱን የሚጠዘጥዘው ሰው የጥርስ ሳሙና ሲገዛ፣ ከማሸጊያው ፊት በትልቁ ከተጻፈው ማስታወቂያ ይልቅ ከጀርባው በደቃቁ የታተመውን የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል። በቅድሚያ የሚፈለገው ፖታሲየም ናይትሬት ሲሆን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ የጥርስን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያረጋጋ በመሆኑም ለውጡ የሚታየው በአንድ ሌሊት ሳይሆን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ከተጠቀሙበት በኋላ ነው። ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙናም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ይህኛው የሚሠራው ድድ ሲሸሽ በተጋለጠው የጥርስ ክፍል ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመድፈን ነው። የአረፋው መብዛት ግን ለሕመሙ የሚፈይደው ነገር የለም።

ጥርስ ያነጣሉ የሚባሉትንና ከሰል ያለባቸውን ሳሙናዎች፣ ዋጋቸው ምንም ቢረክስ፣ መተው ይሻላል፤ ብዙዎቹ ሻካራ ስለሆኑ የተጋለጠውን ክፍል ይበልጥ ይፍቁታል። በለስላሳ ብሩሽ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም። ሕመሙ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነ ወይም ከ4 ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ፣ ጥርሱ የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሳሙና ከመቀያየር ይልቅ ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል።