በፈረስ ጉዞ ላይ ንብ ሲነሳ

ፈረስ ላይ እያሉ ንብ ቢነሳ መሮጥ ይቻላል። ታስሮ የቆመ ፈረስ ግን ማምለጫ የለውም። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከማረፊያው ነው።

ከመውረድዎ በፊት ቀና ብለው ዛፉን ይመልከቱ። ባህላዊ ቀፎ ከቅርንጫፍ ላይ ስለሚሰቀል ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ሰው አያየውም። ንቦች በዛፍ ሽንቁር ወይም በገደል ስንጥቅ ሲገቡና ሲወጡ ካዩም አልፈው ይሂዱ። ቢያንስ 100 ሜትር ይራቁና ፈረሱን በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩት። የላበ ፈረስ ሽታ ንብ እንደሚያስቆጣ አናቢዎች ያውቃሉ፤ ቀፎ አጠገብ ማሳረፍ በእሳት መጫወት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ማር ቆረጣ ባለበት መንደር ሲያልፉ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። ትናንት ማታ ተቆርጦ ከሆነ ንቡ ገና አልበረደለትምና ሌላ መንገድ ይያዙ።

ልብስዎ ፈካ ያለ ይሁን፤ ጥቁርና ፀጉራም ነገር ንብን ይስባል። ሽቶም ለዚያ ቀን ይቅር። ነጠላ ወይም ሻሽ አንገትዎ ላይ ይኑር፤ በኋላ ፊት ይሸፍናል።

በሰልፍ ሲኬድ የፊተኛው ፈረስ ይቀሰቅሳል፣ ንድፊያውን የኋለኞቹ ይቀምሳሉ። መጀመሪያ ያየ «ንብ!» ይበል፤ ያለፉት ወደፊት፣ ያልደረሱት ወደኋላ ይሽሹ። አንድ ሰው እንኳ ቆሞ አይመልከት። በእጅ መከላከል አይረባም፤ ነዳፊዋ የምትለቀው የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ሜዳ ላይ ከሆኑ እስከ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጋልቡ። ገደል ጫፍ ላይ ግን ግልቢያ ከንቡ ይብሳል፤ በፈጣን እርምጃ ይውጡ። ከወደቁ ፊትዎን ሸፍነው ወደ ቤት ወይም መኪና ይሩጡ። ውሃ ውስጥ አይግቡ፣ ንቡ ከላይ ይጠብቃል። የታሰረ ፈረስ ከተወረረ ቋጠሮ ለመፍታት አይታገሉ፤ ገመዱን በቢላ ቆርጠው ይልቀቁት።

ከራቁ በኋላ መውጊያውን ወዲያው ያውጡ፤ በጥፍር ይፋቁት ወይም ይንቀሉት፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው፤ ቆዳ ውስጥ እያለ መርዝ ይረጫልና። ተርብ ከሆነ መውጊያ አይተውም፣ ግን ደጋግሞ ይነድፋል። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ ቀለበት ያውልቁ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት።

ኮርቻውን አውርደው ከግላሱ (ከኮርቻው ጨርቅ) ሥር ይፈልጉ፤ እዚያ የቀረ መውጊያ ፈረሱን ያስዘልለዋል። ከሁሉ በላይ አፍንጫውን ይዩ። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ አፍንጫው ካበጠ የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ።

ሰው ላይ ከተነደፈበት ርቆ ሽፍታ ከወጣ፣ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካዞረው፣ አለርጂ ነው። አድሬናሊን (የከባድ አለርጂ መርፌ) የያዘ ሰው ካለ ወዲያው በጭን ውጫዊ ጎን ይወጋ፤ የአዋቂ ብዕር መርፌ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። እግሩን ከፍ አድርገው ያስተኙት፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ያስቀምጡት። የአለርጂ ኪኒን ይህን አይተካም። በደርዘን የሚቆጠር ንድፊያ ያገኘው ሰው ደግሞ ደህና ቢመስልም ሆስፒታል ይሂድ፤ ኩላሊት ቆይቶ ሊጎዳ ይችላል።