ለፊልም ገጸ ባሕርይ እንዴት ይቀረጻል

ድሮን አስነስቶ ጮቄን ወይም የዓባይን በረሃ ማሳየት ዓይን ይማርካል። ዋናዋ ሴት ምን እንደምትፈልግ ካልታወቀ ግን ተመልካቹ ብዙም ሳይቆይ ስልኩን ያወጣል። ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት እሷን ጨርሱ።

መጀመሪያ ፍላጎቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በካሜራ የሚታይ ይሁን። ቢቸና አካባቢ ጤፍ የምታመርት፣ ባሏ የሞተባት ሴት አለች እንበል። «ሰላም ትፈልጋለች» አይቀረጽም። «የመሬት ደብተሩን ከባሏ ወንድም እጅ መቀበል ትፈልጋለች» ይቀረጻል። ይህም በስክሪፕቱ የመጀመሪያ 10 ገጾች ውስጥ ይታወቅ፤ አንድ ገጽ በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ነው። ለዕድሜ፣ ለልብስና ለትውልድ ታሪክ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል።

ብዙ ስክሪፕት የሚሰበረው ምርጫው ላይ ነው። የባሏ ወንድም ክፉ ብቻ ከሆነ ሴትዮዋ የምትመርጠው ነገር የላትም፤ ታለቅሳለች፣ እኛም እናዝናለን፣ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ለእሱም እውነት ስጡት፦ ወንድሙን ለማሳከም አንድ በሬውን ሽጧል፤ አሁን ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ከዚያ ሁለቱን እሰሯቸው፦ መሬቷን በእኩል የሚያርስላት እሱ ነው። ሐምሌ ገብቷል። ከከሰሰችው ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ዝም ካለች ማሳው የእሱ ሆኖ ይቀራል። አሁን የምትወስነው ሁሉ ያስከፍላታል።

ግፊቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አክብዱት። ቡና ላይ ስትጠይቀው ቤተኝነታቸው ይቀዘቅዛል፤ ሽማግሌ ስትልክበት የባሏ ዘመዶች ፊት ይነሷታል፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ስትሄድ የዘር ወቅት ያልፋታል። እዚህ ደርሰው ከአዲስ አበባ ሀብታም አጎት የሚያመጡ ጸሐፊዎች የደከሙበትን ሁሉ ያፈርሱታል። መውጫውን ራሷ ትፈልገው፣ ብትሸነፍም።

ንግግሩን በሰም ሸፍኑት። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የተቀየመ ሰው ነገሩን አዙሮ ይናገራል። ቡናው ላይ «ደብተሩን ስጠኝ» ካለች ትዕይንቱ ሞተ። «ዘንድሮ ሐምሌ ፈጥኖ ገባ፣ ወንድምዓለም» ትበለው፤ እሱም «የበሬ ነገር አስቸገረኝ፣ እታለም» ይበላት። ስለ ምን እንደሚያወሩ ተመልካቹ ያውቃል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስሞቹን በወረቀት ሸፍናችሁ አንብቡ፤ ተናጋሪው ካልተለየ እንደገና ይጻፍ። ተዋናዩ የአካባቢውን አነጋገር ካልቻለ አታስገድዱት፤ የተኮረጀ ዘዬ ገበሬውን መሳቂያ ያደርገዋል፣ ይህም ነውር ነው።

ለእጇም ሥራ ስጡት። ጥጥ ትፍተል። የመሬቱ ወሬ ሲነሳ ክሩ ይበጠስና ዝም ብላ ትቀጥለው፤ ካሜራው እንባ ፍለጋ ፊቷ ላይ አይሩጥ። ማሲንቆ ከመጨመራችሁ በፊት ቅንብሩን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ፍላጎቷ ከእጇና ከዓይኗ ካልተነበበ ማሲንቆውን ተዉትና ወደ ምርጫው ትዕይንት ተመለሱ።