ቃታው ሲሳብ ራሱን የሚስት ሽጉጥ

መብራትና ድምፅ ያለው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ሽጉጥ ሠርታችኋል። ቱቦውን ከአንዱ፣ እጀታውን ከሌላው፣ የድምፅ ካርዱን ከሦስተኛው ለቃቅማችሁ ገጣጥማችሁታል። ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያምራል። ቃታውን ስትስቡት ግን ጉድ ይፈላል።

ባትሪው ተገልብጦ አለመግባቱን፣ ማብሪያው መብራቱን፣ ሜሞሪ ካርዱ ቦታው ላይ መኖሩን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላየ አይቶ ይመለስ።

ድምፁ «ፒዩ» ብሎ ይቋረጣል፣ ከዚያ የማስነሻው ድምፅ እንደ አዲስ ይጀምራል

እድሜዬን የበላው ይሄ ነው። ጥገና ከሚመጡልኝ ውስጥ አብዛኞቹ ይሄንኑ በሽታ ይዘው ነው የሚመጡት። ባለቤቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ኮዱ ላይ ስህተት አለ» ይላሉ። የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ ላይ ያለው ኃይለኛ መብራት (ኤልኢዲ) እና ስፒከሩ በአንድ ቅጽበት ከባትሪው ይጎትታሉ። ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ ብቻውን ወደ 700 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ባትሪው አልችልም ሲል ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል። የድምፅ ካርዱ ደግሞ ቮልቴጅ ሲያንሰው ራሱን ይስትና እንደገና ይነሳል። ኤልኢዲው ስለጠፋ ባትሪው ያገግማል፣ ካርዱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የማስነሻ ድምፁን ያሰማችኋል። ሽጉጡ ዘራፍ ብሎ ተነስቶ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ኤልኢዲውን ብቻ ንቀሉና ቃታውን ሳቡ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ከሄደ ሌባው ተይዟል። በቴስተር ብቻ አትፍረዱ። ተራ ቴስተር ዝግ ያለ ነው፣ የቅጽበቷን ውድቀት ሳያያት ታልፋለች። «5 ቮልት እያሳየ እኮ ነው» ብሎ የተከራከረኝ ሰው ብዙ ነው።

መንስኤውን በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ።

መጀመሪያ ባትሪው። ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ ከሆነ ሌላ ምንም አትመርምሩ፣ አውጥታችሁ ጣሉት። ውስጡ 6 ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረው ነው ያሉት። ለጭስ ጠቋሚ መሣሪያ የተሠራ ነው፣ ለዓመት ጠብ ጠብ እያለ ኃይል ይሰጣል። 1 አምፔር ስትጠይቁት ግን ይንበረከካል። ለምን ሁሉም ሰው ይሄንኑ እንደሚገዛ አይገባኝም። እጀታ ውስጥ ልክክ ስለሚል መሰለኝ። በምትኩ 4 ባለ 1.2 ቮልት ቻርጅ የሚደረጉ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች አስገቡ። 4.8 ቮልት ይሰጣሉ፣ ሲጎተቱም አይደነግጡም።

18650 የሚባለውን ሊቲየም የምትጠቀሙ ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። 9900 የሚል የተጻፈበት ፎርጅድ ነው፣ ነገሩ አለቀ። ጥሩ የሚባለው 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ጤነኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። አንድ ጊዜ 27 ግራም የሚመዝን አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ «ጋሼ፣ ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎኛል» እያለ ይምልልኝ ነበር። ፎርጅዱን «ውስጡን ልየው» ብላችሁ አትክፈቱ። ሊቲየም ሲቀደድ እሳት ነው። መከላከያ ሰርኪት የሌለውንም ልብሳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አትዙሩ።

ቀጥሎ የባትሪ ቤቱ። ይሄን ማንም አይጠረጥርም። ርካሹ የባትሪ ቤት ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ከቀሽም ብረት የተሠራች ናት፣ መንገድ ላይ ቮልቴጅ ትበላለች። አንድ ልጅ ለአልባሳት ውድድር ሊቀርብ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሽጉጡን አቅፎ መጣ። ኮዱን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጽፎታል፣ የድምፅ ካርዱን ሁለቴ ቀይሯል። ኤልኢዲውን አብርቼ ቴስተሩን በስፕሪንጓ ሁለት ጫፍ ላይ አደረግሁት፤ 0.4 ቮልት! እዚያችው ጠብታ ላይ ነበር ሁሉም የሚጠፋው። ከስፕሪንጓ ጎን አጭር የመዳብ ሽቦ አስሬ በካውያ አጣበቅሁ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ልጁ ከመደሰት ይልቅ ተናደደ። አልፈርድበትም፣ ሦስት ሌሊት ነው ያልተኛው። (ካውያ ስትጠቀሙ ባትሪውን አውጡ። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ባትሪው ውስጡ እያለ ሲያቃጥል ያየሁት ሰው ስላለ ነው።)

ሦስተኛው ሽቦው ነው። ከአሮጌ ኢርፎን የተቆረጠች ፀጉር የመሰለች ሽቦ ኤልኢዲ አትሸከምም። ወፈር ያለ ሽቦ ተጠቀሙ። ዋናው ነገር ደግሞ ኔጌቲቩ ነው። የኤልኢዲውና የድምፅ ካርዱ ኔጌቲቭ በአንድ ቀጭን ሽቦ ተያይዘው ወደ ባትሪው ከመጡ ኤልኢዲው ሲጎትት ካርዱንም ይዞት ይወርዳል። ለየብቻ ከባትሪው ይውጡ፣ ባትሪው ላይ ብቻ ይገናኙ።

ባትሪውም፣ ስፕሪንጓም፣ ሽቦውም ደህና ሆነው አሁንም ከወደቀ፣ መድኃኒቱ ዳዮድና ካፓሲተር ነው። ወደ ድምፅ ካርዱ በሚሄደው ፖዘቲቭ ላይ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በተከታታይ አስገቡ። ከዳዮዱ በኋላ፣ ካርዱ አጠገብ፣ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል አድርጉ። ካፓሲተሩ ለካርዱ የተቀመጠች ስንቅ ናት። ዳዮዱ ደግሞ ኤልኢዲው ያችን ስንቅ እንዳይሰርቃት በሩን ይዘጋል። ብዙዎቹ ካፓሲተር ብቻ ያደርጉና «አልሠራልኝም» ይሉኛል። ያለ ዳዮድ መጀመሪያ የሚቀልባት ኤልኢዲው ነዋ! ሌላ ጥቅምም አለው። 4ቱ ድንጋዮች ከቻርጀር እንደወጡ ወደ 5.6 ቮልት ይጠጋሉ። ዳዮዱ 0.7 ያህሉን ስለሚቀንስ 5 ቮልት ብቻ የሚችለውን ካርድ ያድንላችኋል። የካፓሲተሩን አቅጣጫ አትገልብጡ፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ኤልኢዲው ደብዛዛ ነው፣ ሞስፌቱ ግን ይፋጃል

ሞስፌቱ፣ ማለትም ኤልኢዲውን የሚያበራው የሚያጠፋው ትራንዚስተር፣ በ5 ቮልት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም ማለት ነው። አይአርኤፍ540 የሚለውን ትታችሁ አይአርኤልዜድ44ኤን ግዙ። ሦስተኛዋ ፊደል «ኤል» መሆኗን እዩ፣ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ እጅ ሲይዘው ይጠፋል

እጀታውን ስትዘጉ ብሎኑ ሽቦ ነክሷል። ክፈቱና ልጡ የተጨፈለቀውን ፈልጉ። እጀታ ውስጥ የታጨቀ ሽቦ ሳይ ደሜ ይፈላል። ከሚበቃው በላይ አታስረዝሙት።

አንዴ ስትስቡ ሁለቴ ይተኩሳል

ቃታው የሚጫነው የማይክሮ ስዊች ምላስ ሲነካ ይነጥራል፤ ለጥቂት ሚሊሰከንድ በርቶ ጠፍቶ ይበራል። ኮዱ ውስጥ 30 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲጠብቅ አድርጉ። አዎ፣ እዚህ ጋ ጥፋቱ በእውነት የኮዱ ነው።

ሳይነኩት ይጮሃል፣ ወይም የተሳሳተ ድምፅ ያወጣል

ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የሚባለውን ካርድ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ በአርዱይኖው (ኮዱ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ) እና በካርዱ መቀበያ እግር መካከል ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። ድምፁ ከተምታታ ሜሞሪ ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጉና ፋይሎቹን አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ገልብጡ። በፎልደር ቁጥርና በፋይል ስም ቁጥር ካልተጠራ በስተቀር ይህ ካርድ የሚያየው ስማቸውን አይደለም፣ ቀድሞ የተገለበጠውን ነው። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ሜሞሪ አታስገቡበት።

ድምፁ እንደ ትንኝ ነው

ስፒከሩ ከኋላው የተዘጋ ክፍል ይፈልጋል። የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን እንኳ ይበቃዋል።

ስለ አሮጌ እቃ

በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ፊልም የጀግናው የሉክ ስካይዎከር የብርሃን ሰይፍ እጀታ የተሠራው ከግራፍሌክስ የካሜራ ፍላሽ እጀታ ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ፍላሽ ያየ ሁሉ ይሮጥለታል። ያ የድሮው ግን አምፖል የሚቃጠልበት እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አልነበረበትም። ዛሬ ከአሮጌ እቃ መካከል የምታነሱት ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ውስጡ 300 ቮልት አካባቢ የሚይዝ ካፓሲተር አለው። ባትሪው ወጥቶ ለቀናት ከተቀመጠ በኋላም ሊይዝ ይችላል። እኔን አንድ ጊዜ ከወንበሬ አንስቶ ጥሎኛል። እንዴት እንደሚራገፍ ካላወቃችሁ ቅርፊቱ ያምራል ብላችሁ አትክፈቱት።

«ጨረሩ እውነተኛ ይመስላል» ብላችሁ ሌዘር አታስገቡ። ዓይን አይተካም። ጫፉን ብርቱካናማ ቀቡት፣ መንገድ ላይ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ማታ ከሩቅ የሚያየው ሰው የእናንተን ኤልኢዲ አያውቅም።

ግልጹ ፕላስቲክ ነጭ ጉም ለበሰ

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ነው። ሌንስ አጠገብ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ተጠቀሙ።

ቱቦው ጎብጧል

ፒኤልኤ በሚባለው የ3ዲ ማተሚያ ፕላስቲክ የታተመ ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ረስታችሁታል። 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። በሙቅ ውሃ አለስልሶ ማቅናት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ የኤልኢዲው መቀመጫ አልገጠመም። እንደገና አትሙት።