የኦቲዝም ምርመራን የሚያዘገዩ ስህተቶች

ወደ ኦቲዝም ምርመራ የሚያደርሰው መንገድ ለየቅል ነው። አንዱን ልጅ እናቱ ጠርጥራ ታመጣዋለች። ሌላውን የመዋዕለ ሕፃናት መምህሩ ትልከዋለች። ልጁን ሊያስመረምር መጥቶ የራሱን ልጅነት የሚያገኝ አባትም አለ። ጊዜ የሚበሉት ስህተቶች ግን በየቤቱ ያው ናቸው። የንግግር ሕክምና ላይ ስለምሠራ ሁሌ አያቸዋለሁ።

አፉን እስኪፈታ መጠበቅ። ይሄኛው ያንገበግበኛል! እናትየው ገና በዓመት ከመንፈቁ ጠርጥራለች። አያት "ተይው ልጄ፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው" ይላሉ። ጎረቤት "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው" ትላለች። አንዳንዴ ሐኪሙም "ትንሽ ጠብቂ" ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ አምስት ዓመት ይሞላዋል። እባካችሁ፣ ቃል ብቻ አትቁጠሩ። ንግግር ብቻ የዘገየበት ልጅ ሳያወራም ይግባባል። አውሮፕላን ሲያልፍ በጣቱ ይጠቁምና "አየሽው?" በሚል ዓይን ወደ እናቱ ይዞራል። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃ ሲጠማው እጇን ጎትቶ ጠርሙሱ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ግን ቀና ብሎ ፊቷን የማያየው ልጅ ነው። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ የማይጠቁም ልጅ ይታይ። ያወራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጆሮውን ሳያስመረምሩ መቅረት። የቲቪ ማስታወቂያ ሰምቶ ስለሮጠ ብቻ "በደንብ ይሰማል" አይባልም።

አንድ አባት ከብት ሸጦ ልጁን ከክፍለ ሀገር አምጥቶ የጭንቅላት ኤምአርአይ አስነሳው። "ምንም የለበትም" ሲባል ደስ ብሎት ተመለሰ። ዳግም ሲመጣ ልጁ ለትምህርት ደርሷል። ኦቲዝም በደምም በኤምአርአይም አይለይም። የሚለየው ልጁን በማየት፣ ወላጁንም ስለ ልጁ እድገት በደንብ በመጠየቅ ነው።

ጥፋተኛ ፍለጋ ሌላው ነው፦ ስልክ፣ እርግማን፣ ክትባት። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን እ.ኤ.አ. የ1998 ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሽሮታል። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ቀጠሮውን ግን አትተዉ።

ሴት ልጅ ዝም ስትል "ጨዋ ናት" ተብላ ትታለፋለች። እሷንም አሳዩ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ "ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው" ብላችሁ አትጠብቁ፤ አማርኛችሁንም አትተዉ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም። አሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በየግዛቱ ባለው የኧርሊ ኢንተርቬንሽን (ለሕፃናት ቀድሞ የሚሰጥ ድጋፍ) ፕሮግራም፣ ከዚያ በላይ ያለው በትምህርት ዲስትሪክቱ በነፃ ይገመገማል። ጥያቄውን ወላጅ ራሱ ማቅረብ ይችላል። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ ታላቅ እህቱን አታስተርጉሙ።

እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ማስገባት ዛሬም አለ። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እንዲህ ያሉ ልጆች ከጓዳ እንዲወጡ ነው። ልጁን ሰው ካላየው ማን "ይመርመር" ይበላችሁ?

በመጨረሻ፣ ለቀጠሮ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። ልጁ የዚያን ቀን ሊተኛ ወይም ሲያለቅስ ሊውል ይችላል። ቤት ውስጥ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙን ስትጠሩት በስልካችሁ ቅረጹት። ቪዲዮው አጭር ቢሆንም ይጠቅመናል።