የሰው ኃይል ሶፍትዌር ለምትሠሩ፦ ግባችሁ በቁጥር ይሁን

ለሩብ ዓመቱ «ሲስተሙን እናሻሽላለን» የሚል ግብ ይዛችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ መድረስ አለመድረሳችሁን አይነግራችሁም። ይልቅ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን ሠራተኞች «ተሳስቷል» ብለው የሚያመጡትን አቤቱታ ቁጠሩ። ያለፉት 3 ወራት አማካይ ለምሳሌ 40 ከሆነ፣ «እስከ ሰኔ 30 በወር ከ10 በታች» በሉ። መነሻውን ሳትለኩ ግን ቁጥር አትጻፉ።

የዓመት ፈቃድ ስሌት ደግሞ ለመለካት በጣም ይመቻል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ አገልግሎት 1 ቀን ይጨመራል። የ50 ሠራተኞችን ፋይል አውጡና በእጅ አስሉ፣ ከሲስተሙ ጋር አመሳክሩ። ልዩነቱ ዜሮ እስኪሆን አዲስ ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ተጨማሪ አገልግሎት) አትጨምሩ፤ ሰው የሚገባውን ዕረፍት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። «ስንት ፊቸር ሠራን» የሚለውን እኔ ከግብ አልቆጥረውም።